ነጻ የኦርኬስትራ ድምፆችን ማሰባሰብና መመዝገብ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ይህን ሥራ እንድጀምር ያስገደደኝ ባለፈው ዓመት የገጠመኝ ነገር ነው። ለአንድ አጭር ዘጋቢ ፊልም የሠራሁትን ሙዚቃ ካስረከብኩ ከወራት በኋላ፣ አዘጋጆቹ ፊልሙን ለአከፋፋይ ለመስጠት ሲዘጋጁ፣ በሙዚቃው ውስጥ የሚሰሙት የቫዮሊንና የሆርን ድምፆች ከየት እንደመጡና በምን ፈቃድ እንደተጠቀምኩባቸው በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ድምፆቹ በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ቦታ ያወረድኳቸው፣ አንዳንዶቹም ከጓደኛ በፍላሽ የተቀበልኳቸው ነበሩ፤ ሁሉም «ስትሪንግ አሪፍ» በሚል ፎልደር ውስጥ ተቀላቅለው የተቀመጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስማቸውም ጠፍቶ ነበር። የሦስት ትዕይንት ሙዚቃ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ እንደገና መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ የማዘጋጀው መዝገብ ዓላማ «የትኛው ድምፅ ያምራል» የሚለውን መመለስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ድምፅ ማን የቀዳው፣ የት የተቀዳ፣ በምን ፈቃድ የተለቀቀና በማን በኩል ወደ እኔ የደረሰ መሆኑን ከጥርጣሬ ነጻ በሆነ መንገድ የሚያሳይ መዝገብ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ገንዘብ የማይከፈልበት ነገር ሁሉ ነጻ አለመሆኑን ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ሥራ ተምሬያለሁ።

ጥቅምት 6

ከአሮጌው ፎልደር አንድም ፋይል ወደ አዲሱ ሥራ ላለማስገባት ወስኜ፣ ባዶ ሃርድ ዲስክ አዘጋጀሁ። በዲስኩ ላይ ሁለት ክፍል አለ። በአንደኛው የወረደው የተጨመቀ ፋይል እንደመጣ፣ ስሙም ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሥራ የሚሠራው በሁለተኛው ክፍል በሚገኘው ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ስብስብ ጋር የፈቃዱን ጽሑፍ፣ ያወረድኩበትን ቀን ጨምሬ አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱም ፈቃድ በጊዜ ሂደት ይቀየራል። ለምሳሌ ሳላማንደር ግራንድ ፒያኖ የተባለው፣ በያማሃ ሲ5 ፒያኖ ላይ በ16 የምት ደረጃ የተቀዳው ስብስብ መጀመሪያ የወጣው የባለቤቱን ስም መጥቀስን ግዴታ በሚያደርግ ፈቃድ ሲሆን፣ በኋላ ግን ባለቤቱ ለሕዝብ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ለቆታል። በሁለቱ ጊዜያት ያወረዱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው የተለያየ ግዴታ አለባቸው ማለት ነው።

በሰንጠረዡ ላይ የመሣሪያው ስም፣ የአጨዋወቱ ዓይነት፣ ስንት የድምፅ ጥንካሬ ደረጃ እንዳለው፣ ከየትኛው እስከየትኛው ኖታ እንደሚደርስ፣ የተቀዳበት ክፍል ደረቅ ይሁን የሚያስተጋባ፣ የፋይሉ ዓይነት፣ ፈቃዱ፣ እና «የተቀዳበት ምንጭ» የሚሉ ዓምዶች አሉ። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ እንደሚሆን በዚያን ቀን ገና አልገባኝም ነበር።

ጥቅምት 9

ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጀመርኩ። የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሎረንስ ፍሪትስ መሪነት የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ እየቀዳ፣ ማንም ሰው ለማንኛውም ሥራ ያለ ገደብ እንዲጠቀምባቸው አድርጓል። እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል በሌላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ነጻ ስብስቦችም፣ ኋላ እንደምገልጸው፣ የተቀዱት ከዚህ ጉድጓድ ነው።

አብዛኞቹ መሣሪያዎች የተቀዱት ግድግዳው ድምፅን ውጦ በሚያስቀርና ምንም ማስተጋባት በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው። ድምፁ በመጀመሪያ ሲሰማ ደስ አይልም፤ ቫዮሊኑ ጆሮ ሥር የሚጫወት ይመስላል፣ የቀስቱ ፀጉር በገመዱ ላይ ሲፋቅ እንኳ ይለያል። ለሚሠራበት ሰው ግን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አዳራሽ የሌለውን ድምፅ ወደፈለጉት አዳራሽ ማስገባት ይቻላል፤ አዳራሹ አብሮት የተቀዳውን ድምፅ ግን ከአዳራሹ ማውጣት አይቻልም።

ጥቅምት 11 እና 12

የአዮዋ ፋይሎች እንዳሉ ሳምፕለር (የተቀዱ ድምፆችን በቁልፍ ሰሌዳ የሚያጫውት ፕሮግራም) ውስጥ አይገቡም። አንድ ፋይል አንድ ኖታ ሳይሆን ሙሉ የኖታዎች መሰላል ነው፤ ለምሳሌ ከሲ4 እስከ ቢ4 ያሉት (ፊደሉ የኖታው ስም፣ ቁጥሩ ኦክታቩ ነው) አሥራ ሁለቱ ኖታዎች በመካከላቸው ዝምታ እየተደረገ በአንድ ፋይል ውስጥ በተከታታይ ይጫወታሉ። አብዛኛውም በሦስት የጥንካሬ ደረጃ፣ ማለትም በጣም ለስላሳ፣ መካከለኛና በጣም ጠንካራ ሆኖ ስለተቀዳ፣ መቁረጡ ብቻውን ሁለት ቀን ፈጅቷል።

የፍሉቱን ጠንካራ ፋይል ዝምታን ለይቶ በሚቆርጥ ፕሮግራም፣ ወሰኑን 48 ዴሲቤል ከከፍተኛው በታች አድርጌ ቆረጥኩት፤ በትክክልም ተቆረጠ። ያንኑ ወሰን በለስላሳው ፋይል ላይ ስጠቀም ግን አሥራ ሁለቱ ኖታዎች አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ሆነው ወጡ። ነገሩ የገባኝ ሞገዱን አስፍቼ ስመለከተው ነው፤ ለስላሳው ኖታ ሊያልቅ ሲል ድምፁ እየሳሳ ከወሰኑ በታች ይወርድና፣ በተጫዋቹ የትንፋሽ መንቀጥቀጥ ምክንያት እንደገና ብቅ ይላል፤ ፕሮግራሙም ይህን እንደ አዲስ ኖታ ይቆጥረዋል። ወሰኑን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት የሚስበው አየር ከኖታው ጋር ተያይዞ ቀረ። በመጨረሻ ለስላሳዎቹን በሙሉ በእጄ ቆረጥኳቸው። ከኖታው መነሻ በፊት 5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ እተዋለሁ፣ መጨረሻውን ግን ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አልነካውም። አየር መሳቡን አልጣልኩትም፤ በተለየ ፎልደር አስቀምጬዋለሁ፣ ምክንያቱም በዝግታ በሚሄድ ዜማ ውስጥ በሐረጎች መካከል በልኩ ሲገባ ሰው መኖሩን ያስታውቃል።

የገመድ መሣሪያዎቹ ሌላ ሀብት አላቸው። እያንዳንዱ ገመድ ለብቻው ስለተቀዳ አንዱ ኖታ በሁለትና በሦስት ገመድ ላይ ይገኛል። ኤ4ን ብንወስድ፣ በኤ ገመድ ላይ ጣት ሳያርፍበት ሲጫወት የሚያንጸባርቅ ክፍት ድምፅ አለው፤ ያው ኖታ በዲ ገመድ ላይ በጣት ተይዞ ሲጫወት ግን ሞቅ ያለና ከደረት የሚወጣ ይመስላል። በሰንጠረዡ ላይ «ገመድ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨምሬ ሁለቱንም መዘገብኳቸው።

ጥቅምት 19

የለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ አባላት ራሳቸው የተጫወቷቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፆች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የገመድ፣ የእንጨትና የነሐስ መሣሪያዎቹን አወረድኩ። የፋይሎቹ አሰያየም ምስጋና ይገባዋል። መሣሪያው፣ ኖታው፣ የቆይታው መጠን፣ የጥንካሬው ደረጃና የቀስቱ አያያዝ በስሙ ውስጥ በቅደም ተከተል ስለተጻፉ፣ ስሙን በኤክሴል ከፋፍሎ ሰንጠረዡን መሙላት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚበቃ ሥራ ሆነልኝ።

ሁለት ነገር ግን በማስታወሻ መያዝ አለበት። አንደኛ፣ ድምፆቹን በንግድ ሙዚቃ ውስጥ ጭምር መጠቀም ይፈቀዳል፤ ድምፆቹን ራሳቸውን እንደ ሳምፕል (ለሙዚቃ መሥሪያ የተቀዳ ነጠላ ድምፅ) ወይም እንደ ሳምፕለር መሣሪያ አድርጎ መሸጥ ግን አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹ ኤምፒ3 ናቸው። ወደ ዌቭ መቀየር ይቻላል፤ ሲጨመቅ የጠፋው ግን አይመለስም። ከዚህም በላይ ኤምፒ3 ሲዘጋጅ በፋይሉ መነሻ ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ባዶ ቦታ ይጨመራል፤ አጫጭር ኖታዎችን ከሌላ ስብስብ ከመጣ ድምፅ ጋር ሳጣምር አንደኛው ዘግይቶ የሚገባ የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነበር። መነሻቸውን ሁሉ እኩል አደረግሁ፤ «የፋይል ዓይነት» በሚለው ዓምድ ሥርም የመጀመሪያውን ዓይነት እንጂ የቀየርኩትን አልጻፍኩም፤ ዌቭ ብዬ ብጽፍ መዝገቡ ይዋሻል።

ጥቅምት 27

ዛሬ የተረዳሁት ነገር ሰንጠረዡን በሙሉ እንድከልስ አድርጎኛል።

ሶናቲና ሲምፎኒክ ኦርኬስትራ፣ ማቲያስ ዌስትሉንድ ያዘጋጀውና ከጥቂት መቶ ሜጋባይት የማይበልጥ ቦታ ይዞ ሙሉ ኦርኬስትራ የሚያቀርብ ስብስብ ነው። ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራ ደግሞ የፖል ባተርስቢ ሥራ ነው። ሁለቱንም ባለሙያዎቹ በከፍተኛ ትጋት ያዘጋጇቸው ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከቀደሙ ነጻ ቅጂዎች የተውጣጡ ናቸው፤ ባተርስቢ ከተጠቀመባቸው ምንጮች መካከል ደግሞ አንዱ ራሱ ሶናቲና ነው። አዘጋጆቹ ይህን አልሸሸጉም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በልዩ ልዩ መስመር እንደ ልዩ ልዩ ድምፅ ስመዘግባቸው ቆይቻለሁ።

ጥርጣሬው የመጣው ኦቦ ከተባለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ነው። ከሁለት ስብስቦች የወሰድኳቸውን ሁለት የኦቦ ድምፆች፣ ሁለት ተጫዋቾች አብረው የሚጫወቱ እንዲመስሉ ብዬ ደራረብኳቸው። ድምፁ ጎልቶ ተሰማ እንጂ አልሰፋም። ሁለት ሰዎች አንድ ኖታ ሲጫወቱ የሚፈጠረው ያ ትንሽ የመቃናት ልዩነት፣ ያ ሕይወት ያለው መንቀጥቀጥ የለም። ሁለቱን ፋይሎች በፕሮግራም ሳነጻጽር «አይመሳሰሉም» የሚል መልስ አገኘሁ፤ አንደኛው ስለተቆረጠና ጥንካሬው ስለተስተካከለ ኮምፒውተሩ እንደ ተለያየ ፋይል ያያቸዋል። ከዚያ መነሻቸውን ገጠምኩ፣ ጥንካሬያቸውን እኩል አደረግሁ፣ የአንደኛውን ሞገድ ላዩን ወደታች ገልብጬ ከሌላው ጋር ደመርኩት፤ ፍጹም አንድ ከሆኑ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ከስፒከሩ የወጣው ዝምታ ነበር። ቅጂው አንድ ነው፤ ያው ተጫዋች፣ ያው ትንፋሽ፣ ያው ቅጽበት።

የአገራችን ብራናዎች ተመራማሪዎች ብዙ ቅጂ ያለውን አንድ መጽሐፍ ሲያጠኑ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ለይተው ያወጣሉ እንጂ አሥሩን ግልባጭ እንደ አሥር መጽሐፍ አይቆጥሩትም። የኔም መዝገብ እንዲሁ መሆን አለበት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዋናው መስመር የሚሰጠው ለመጀመሪያው ቅጂ ሲሆን፣ ሌሎቹ በሥሩ እንደ ልጅ ይገባሉ። ልጁ አንዳንዴ ከአባቱ የተሻለ ነው፤ የተጣራ፣ የተቃናና ሉፕ የተደረገለት (ድምፁ እየተደጋገመ እንዲቀጥል የተዘጋጀ) ስለሆነ ለሥራ የምመርጠው እርሱን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ሙዚቃ ውስጥ እንደ ሁለት ተጫዋች አልደራርባቸውም።

የትውልድ ሐረጉ ለፈቃዱም ወሳኝ ነው። ሶናቲና የወጣው ሳምፕሊንግ ፕላስ 1.0 በተባለ፣ ለነጻ ሥራዎች የፈቃድ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ድርጅት ፈቃድ ሲሆን፣ ይህ ፈቃድ ድርጅቱ ራሱ በ2011 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ ያስቀረው ነው። ፈቃዱ ድምፆቹን ቆራርጦና ለውጦ በአዲስ ሥራ ውስጥ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ለማስታወቂያ መጠቀምን ግን አይፈቅድም። እኔ ደግሞ በዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ማስታወቂያ እሠራለሁ። ስለዚህ ከሶናቲና የተወለዱትን ሁሉ በቀይ ቀለም አደረግኋቸው፤ የማስታወቂያ ሥራ በሚመጣበት ጊዜ ቀዩን መስመር አልነካም።

ኅዳር 3

የኖታ ስሞች ጉዳይ ሁለት ሌሊት ወስዷል።

በፒያኖው መካከል ያለው ሲ፣ 261.6 ኸርዝ ገደማ የሚሰማው፣ በአብዛኞቹ ነጻ ስብስቦች ሲ4 ተብሎ ይጻፋል። ያው ኖታ ኩቤዝ በተባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ሲ3 ሲሆን፣ እዚህ ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት ኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ ሲ5 ነው። ስለዚህ ፋይሎችን በስማቸው ብቻ እየተማመንኩ በቁልፎቹ ላይ ስደረድር፣ የአንዱ ስብስብ ቼሎ ከሌላው አንድ ኦክታቭ ርቆ ተቀመጠ። ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ የቻልኩት በጥቅምት 6 ቀን ያልተነካ ቅጂ ለብቻው ስላስቀመጥኩ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሲጻፉ በአንድ ኖታ፣ ሲሰሙ በሌላ ኖታ የሆኑ መሣሪያዎች አሉ። ኮንትራባስ ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ፒኮሎ አንድ ኦክታቭ፣ ግሎክንሽፒል ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብለው ይሰማሉ፤ የቢ ፍላት ክላሪኔት ደግሞ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ይላል። የፋይሉ ስም የትኛውን እንደሚናገር የሚታወቀው በጆሮና በመቃኛ ብቻ ነው። በመጨረሻ በሰንጠረዡ ላይ የኖታ ስም መጻፍ ትቼ የሚዲ ቁጥር (የሙዚቃ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ኖታ የሚሰጡት ቁጥር) መጻፍ ጀመርኩ፤ የመካከለኛው ሲ ቁጥር 60፣ የ440 ኸርዙ ኤ ቁጥር 69 ነው፤ ይህ በየትኛውም ፕሮግራም አይለወጥም። የምዘግበው ሁልጊዜ የሚሰማውን እንጂ የሚጻፈውን አይደለም።

ኅዳር 10

የቨርሲሊያን ስቱዲዮስ ቪኤስሲኦ 2 ኮሙኒቲ ኤዲሽን ያለ ምንም ግዴታ፣ ሲሲ ዜሮ በተባለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቀ የኦርኬስትራ ስብስብ ነው። ስም መጥቀስ እንኳ አይጠየቅም፤ እኔ ግን በምሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እጠቅሳለሁ፣ ለሰጠ ሰው ማመስገን ይገባል። በመዝገቤ ውስጥ ለማስታወቂያም፣ ለፊልምም፣ የራስን ሳምፕል መሣሪያ ሠርቶ ለማደልም ሳልጠራጠር የምመርጠው ይህን ነው።

የዚያው ስቱዲዮ ሌላው ሥራ፣ ቪሲኤስኤል፣ መሣሪያዎቹን የሚከፋፍለው ሆርንቦስቴልና ዛክስ በ1914 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥርዓት መሠረት፣ ድምፁን የሚያወጣው አካል ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ነው፤ አየር፣ ገመድ፣ የተወጠረ ቆዳ ወይም የመሣሪያው ራሱ አካል። የራሴን መዝገብ በዚህ ሥርዓት ለማድረግ አሰብኩና ለኦርኬስትራ ክፍሉ ተውኩት፤ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ከላይ የእንጨት፣ ቀጥሎ የነሐስ፣ ከዚያ የምት፣ ከታች የገመድ መሣሪያዎችን በፓርቲቱራው (የሁሉም መሣሪያዎች ኖታ አንድ ላይ በሚጻፍበት ገጽ) ቅደም ተከተል ማግኘት ይቀለዋል። ሥርዓቱን ግን አልጣልኩትም። ማሲንቆ፣ ክራርና በገና ከገመዶቹ፣ ዋሽንትና እምቢልታ ከአየር፣ ከበሮ ከተወጠረ ቆዳ፣ ጸናጽል ደግሞ አካላቸው ራሱ ከሚጮኸው ወገን ያለ ችግር ይገባሉ። በመዝገቡ መጨረሻ ለእነዚህ ባዶ ገጽ አዘጋጅቻለሁ።

ኅዳር 17

ዛሬ በራሳቸው ፕሮግራም ውስጥ ብቻ የሚሠሩትን መዘገብኩ። ስፒትፋየር ኦዲዮ ያወጣው ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዲስከቨር 200 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ኢንተርኔት በሚያስቸግርበት ቦታ ላለ ጀማሪ ከሁሉም በፊት የምመክረው ነው፤ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ኦርኬስትራ ስለተቀዳም መሣሪያዎቹ ሳይደክሙ ይዋሃዳሉ። የፕሮጀክትሳም ዘ ፍሪ ኦርኬስትራ ኮንታክት ፕሌየር በተባለ ማጫወቻ ይከፈታል፤ የኦርኬስትራል ቱልስ ሌየርስ የበርሊኑን የቴልዴክስ አዳራሽ ድምፅ በሙሉ ኦርኬስትራ ኮርድ ያቀርባል፤ ሙዝ ሳውንድስ ሙዝስኮር 4 ውስጥ ኖታ ለሚጽፍ ሰው እጅግ ጥሩ ቢሆንም፣ ከዚያ ውጭ አይሠራም።

እነዚህን «የተቆለፉ» በሚል ክፍል ለየኋቸው፤ ይህ ነቀፋ አይደለም። ድምፃቸው ከብዙዎቹ ክፍት ፋይሎች የተሻለ ነው። ነገር ግን ነጠላ ድምፁን አውጥቶ መቁረጥ፣ መቃኘትና በሌላ ሳምፕለር ማስገባት ስለማይቻል፣ ለረጅም ጊዜ የማቆየው ሥራ በእነዚህ ላይ ብቻ እንዲመሠረት አልፈልግም። ኮምፒውተር በተቀየረ ቁጥርም መለያ አስገብቶ እንደገና ማውረድ ያስፈልጋል።

ኅዳር 25

መዝገቡን በሥራ መፈተን ጀመርኩ። ከአዮዋ የቆረጥኳቸውን የቫዮሊን ድምፆች በኤስኤፍዚ መሣሪያ አድርጌ ሠራኋቸው። ኤስኤፍዚ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቁልፍ እስከየትኛው ቁልፍ፣ በምን ያህል የምት ጥንካሬ እንደሚጮኽ በቀላል መስመሮች ይጻፍበታል፤ ስፎርዛንዶ ወይም ስፊዝ በተባሉት ነጻ ማጫወቻዎች ይከፈታል።

የፈተንኩት በአንቺሆዬ ቅኝት ባለ አንድ አጭር ዜማ ነው። በፒያኖው እኩል ክፍፍል ሲጫወት ዜማው ይታወቃል፤ ግን ጉሮሮ የለውም። አንድ የማውቃቸው እናት ሲያንጎራጉሩ የቀዳሁትን ድምፅ በመቃኛ ለካሁና፣ ሁለተኛው ኖታ በእርሳቸው አዜማም ከፒያኖው 20 ሴንት (ሴንት በፒያኖው ላይ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት አንድ መቶኛ ነው) ያህል ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በኤስኤፍዚው ፋይል ውስጥ የዚያን ኖታ መቃኛ በአንድ መስመር ዝቅ አደረግሁና እንደገና አጫወትኩት። ቫዮሊኑ ከእርሳቸው ድምፅ ጎን ተቀመጠ። ይህን በተቆለፈ ስብስብ ኖታ በኖታ እንዲህ በቀላሉ ማድረግ አልቻልኩም፤ ክፍት ፋይሎችን አጥብቄ የምሻበትም ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ችግር አልተፈታም። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው በጣት መንሸራተት፣ የማሲንቆ ተጫዋች በእያንዳንዱ ሐረግ ውስጥ የሚያደርገው፣ ለየብቻ በተቀዱ ኖታዎች ውስጥ የለም። ሁለቱን ኖታዎች በማደባለቅ ሞከርኩ፤ መንሸራተት ሳይሆን መደብዘዝ ነው የሆነው። በሰንጠረዡ ላይ «ሌጋቶ» (ኖታዎችን ሳያቋርጡ አያይዞ መጫወት) በሚለው ዓምድ ሥር፣ በክፍት ፋይል ከመዘገብኳቸው የገመድ ድምፆች በሙሉ ፊት «የለም» የሚል ተጽፏል።

ታኅሣሥ 3

መዝገቡ ዛሬ 214 መስመር አለው። ከእነዚህ ውስጥ 71ዱ የሌላ ቅጂ ልጆች ሲሆኑ፣ 38ቱ ደግሞ ለማስታወቂያ የማልነካቸው ቀይ መስመሮች ናቸው። ፈቃዳቸውን እስከ ምንጫቸው መከተል ያልቻልኳቸውን 9 ፋይሎች፣ አንዱ በጣም የምወደው የሃርፕ ድምፅ ቢሆንም፣ ከዲስኩ ሰርዣለሁ። ያልተነኩት ቅጂዎች በሁለተኛ ዲስክ ላይ ተገልብጠው በሌላ ቤት ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ክፍሉን በብርድ ልብስና በፍራሽ አድርቄ፣ እያንዳንዱን ኖታ በሦስት ጥንካሬ፣ በመጎተትና በመግፋት ለየብቻ፣ ከዚያም እያንዳንዱን መንሸራተት ከመነሻው እስከ መድረሻው እቀዳለሁ። የፈቃዱን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቼ ልኬላቸዋለሁ፤ አንብበው ሁለት ቃል አስተካክለው መልሰውልኛል። በባዶው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ የመሣሪያውን ስም፣ ቀኑንና «ምንጭ» በሚለው ዓምድ ሥር የእርሳቸውን ፈቃድ ቁጥር 1 ጽፌያለሁ።